እንቅልፍ በኪሎ

ሰኞ ገበያ ነው የእኔ ሚዛን የቆመው፤
ማሽላውን፣ ጤፉን፣ ሽምብራውን ስመዝነው
ሃያ ዓመት አለፈ፤
አንድም ቀን ግን ለእኔ ድንጋይ አልተሰለፈ።

ዛሬ እብሬ መዘነኝ፣
የወረኢሉው ልጅ፣ ማደንዘዣ ሰጪው።
ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ወረቀቱን ገልጦ፣
«እታለም ጦይባ፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው
በኪሎ ተሰልቶ ነው።»
«እንቅልፍም በኪሎ! ታዲያ ስንት ገባ?» አልሁት።
ሳቅ አለና ጠየቀኝ፣ «ታንኮራፊያለሽ ወይ?»
«ተኝቼ በምን ልወቀው!»

ይማም በሩን ተደግፎ መሬት መሬት አየ።
«ትንፋሿ ይቆማል፣» አለ፣ «ሌሊት ላይ… እየቆየ።
እቆጥራለሁ እኔ።
እስከ ሃያ ሦስት የደረስሁበት አለ።»
አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተን
ይህን ሁሉ ቁጥር ብቻውን ሲደምር፣
ሒሳብ አዋቂዋ እኔ ነኝ ስል ኖሬ!

«ሁለት መንገድ አለ፣» አለ እብሬ ለስለስ ብሎ፣
«አንዱ የወገብ መርፌ ነው፤ ታችሽን ብቻ ያስተኛል፣
አንቺ ነቅተሽ። ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም፤
ሆድሽን በአየር እንነፋዋለን፣ ነቅቶ የሚችለው የለም።
ሙሉው ነው የሚሻልሽ፤ ቱቦ በጉሮሮሽ፣
እስክትነቂ ድረስ ማሽኑ ይተንፍስልሽ።
ከባዱን ማስታገሻ ደግሞ አላበዛብሽም፣
ለሚያንኮራፋ ሰው ትንፋሽ ያፍናል፤
የሆድሽን ግድግዳ በመርፌ አደነዝዘዋለሁ።»
«ምርጫው የማን ነው?»
«ያንቺ ነው። ግን አብሽሪ።»

ከዚያ ክንዴን ያዘ። የግፊቱ ጨርቅ ዞሮ አልገጥም አለ።
«ትልቁን አምጡልኝ!»
ያቺው ክንድ ናት።
በሰባ ሰባት፣ በሦስት ዓመቴ፣ መጠለያው በር ላይ
ጥብጣብ ጠመጠሙባት፤ ጥብጣቡ ተርፎ ተንጠለጠለ።
ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ከዚያ ወዲያ
«ብይ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጠችኝም፤
ጠግቤም «ብይ»፣ አልቅሼም «ብይ»፣ ተድሬም «ብይ»።
ለእሷ የሐሞት ጠጠር ነው ብያታለሁ።
ያን ሁሉ ያጎረሰችውን ጨጓራ
ቆርጠው ሊጥሉት ነው አይባል።

መብራቱ ነጭ፣ ክፍሉ ብርድ፣ ጭምብሉ የአዲስ ጀሪካን ሽታ።
«ከአሥር ወደ ታች ቁጠሪልኝ፣» አለኝ በእርጋታ።
አሥር። ዘጠኝ። ኩንታል የማራግፍ መሰለኝ።
ስምንት። የጦሳ ጉም በእግሬ በኩል ገባ።
ሰባት ላይ የቆጠረው ይማም ነው።

ስነቃ ጉሮሮዬ አሸዋ።
ወይ ጉድ! ሆዴ ተቀዶ ትከሻዬን ያመኛል።
«አየሩ ነው፣ ይወጣል፤ ተነሺና ተራመጂ።»
የኮሪደሩን ንጣፍ ቆጠርሁት፣ መቶ አርባ፣ ደገምሁት።
አንዴ አስመለሰኝ፣ አንዴ ያለ ምክንያት አለቀስሁ፤
ነርሷ «የማደንዘዣው ነው» አለች፣ እኔ አልመሰለኝም።
ውሃዬ በሽሮፕ ክዳን። እኔ፣ የኩንታሏ ሴት፣
ክዳን በክዳን ስለካ፣ ግማሿን በሩብ ሰዓት።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከሐይቅ መጣች፣
ቀጭን አጥሚት በፔርሙዝ።
ማን እንደነገራት አላውቅም።
ክዳኗን አየቻት። ገልብጣ አየቻት።
ብዙ ዝም አለች።
ከዚያ ጠብ አድርጋ ሞላችና ከንፈሬ ላይ አስጠጋች፣
«ቀስ በይ፣» አለችኝ፣ «ቀስ በይ።»
ከ«ብይ» እስከ «በይ» አንዲት ፊደል ናት፤
አርባ ዓመት ፈጀባት።

ሌሊት ነቃሁ። ይማም ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል፣
አፉ ተከፍቶ፤ ያንኮራፋል።
ድንገት ዝም አለ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…