የሻርክ ጥርስ

አክስቴ ቨርኔል በኩሬው ዳር ቆማ
ጭቃ ትፍቃለች ከቦት ጫማዋ ጎማ።
«ይህ አፈር» ትላለች፣
«ዝናብ ሲጥል ሙጫ፣ ሲደርቅ ደግሞ ጡብ፤
አንዱን እግር ሲለቅ ሌላውን የሚስብ።
ማንም ወዶ መጥቶ እዚህ ላይ አልቆመም፤
የመጣ አይወጣም፣ የወጣ አይመለስም»
ትላለች፣ እኔን አይታ፣
የተመለስኩትን፣ ለሦስት ቀን ፈቃድ፣ ከፋብሪካ፣ ማታ።

በርሚንግሃም ማዶ፣ በነጭ መብራት ሥር፣
ቀኑን ሙሉ ስገጥም የሰው መኪና በር፣
አፈር የሚባለው ከሐሳቤ ጠፍቶ
ጥፍሬ ሥር ዘይት ነበር፣ እንደ ኩል ተቀብቶ።

ስድስት ኩሬ አላት፤ አራቱ የባንክ ናቸው።
ዓሦቹ የማን እንደሆኑ አያውቁም፤ ጢም ብቻ ነው ያላቸው።
ትራክተሩ አጓራ፣ መረቡ ጠበበ፣
ውሃው እንደ ጎላ ፈልቶ ተሰበሰበ፤
የሺህ ዓሣ ጀርባ ብልጭ ብልጭ አለ፤
የዚያን ለት ንጋቱ ከሥር ተቀጣጠለ።

መረቡን ሳራግፍ፣ ከጭቃው መካከል
አንድ ነገር ወጋኝ፣ ስለታም፣ ጥቁር፣ አውራ ጣት የሚያክል።
አየችውና ሳቀች።
«እሱማ ጥርስ ነው፤
መሳቢያዬ ሞልቷል፤ የሻርክ ነው፣ የድሮው።
ከሥራችን ባሕር ነው፤ ማን ነው ያልነገረህ?
በባሕር ወለል ላይ ነው
የበቆሎ ዳቦ ስጋግር የኖርኩልህ።»

ባሕር።
ስም ያልወጣለት፣ ሰው ያልዋኘበት።
እየሸሸ ሲሄድ ዛጎሉን በትኖ፣
ዛጎሉ ደቅቆ ነጭ ኖራ ሆኖ፣
በኖራው ላይ ሣሩ ሺህ ጊዜ በስብሶ
ጠበቀ መሬቱ፣
ሟች ሳይኖር ገና፣ ከል አስቀድሞ ለብሶ።

ያንን ጥቁር አፈር የጥጥ ሰው አሸተተው፤
መጣ በሠረገላ፤
የማስኮጊን ሕዝብ ከቶምቢግቢ ዳር
በፊርማ ነቅሎ፣ አገሩን በወረቀት በላ።
ከኋላው በእግር፣ ከቨርጂኒያ ተነድተው፣
ስማቸው ከበቅሎ ስም በታች ሰፍሮ፣ በዶላር ተተምነው፣
የእኛ ሰዎች መጡ።

ቨርኔል ጥርሱን ወደ ብርሃን አንሥታ፦
«በእሑድ ትምህርት ቤት እንዳስጠኑኝ ልቁጠር፤
ባሕር ኖራን ወለደ፣ ኖራም ጥቁር አፈር፣
አፈር ጥጥን ወለደ፣
ጥጥም ሰንሰለትን...
እዚያ ላይ አቁመው። ሰንሰለት መካን ነው።
እኛን የወለደን፣ እዚያው ታስሮ ሳለ፣ ሰው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን በጣቷ ጠቆመችኝ፦
ጥጡን ነቀዝ በላው፤ ሰውን በላው ባቡር፣
ወደ ቺካጎ፣ ወደ ዲትሮይት ምድር።
ባዶው እርሻ ጥድ በቀለበት፣ የወረቀት ፋብሪካ መጣ፤
የተበላሸ ጎመን ይሸታል።
«የገንዘብ ሽታ ነው» አሉን፤
ገንዘቡ ግን እስካሁን ከሽታው ኋላ አልመጣ።

አያቴ ኦዚያስ ለምርጫ ሊመዘገብ ሄዶ
«በአንድ ሳሙና ውስጥ ስንት አረፋ አለ?» ተብሎ ተጠየቀ።
«እጃችሁን ታጠቡና አብረን እንቁጠረው» አለ፤
ማንም አልሳቀ።
ሰባት ጊዜ ሄደ።
በስምንተኛው ጸሐፊው ዓይኑን ሳያነሣ ካርዱን ወረወረለት፤
አያቴ ከመሬት አነሣው፣
አቧራውን አራገፈለት።

የጭነት መኪናው መጣ። ዓሣው ተመዘነ።
ዋጋው ከአምናው ወርዶ፣ የመኖው ዋጋ ግን ሰማይ ተሰቅሎ፤
ሹፌሩ ደረሰኙን ሰጣት፣ ወደ ላይ አላያትም፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ዝም ብሎ።
እሷ አጠፈችው፤ በጡት መያዣዋ ሸጎጠች።
«ይህ ጭቃ ውሃ አያፈስም» አለች፣
«ለዚህ ነው ኩሬ የቆፈርኩበት።
ባሕሩን መለስኩት፣ እስከ ወገብ ብቻ፤
ከዚያ በላይ ባንኩ አልፈቀደበት።»

ጥርሱን ኪሴ ከተተችው።
ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

ሰኞ። መስመሩ ላይ። በር። በር። ሌላ በር።
አንዱን ልገጥም ብዬ ጎንበስ እንዳልኩ
ነከሰኝ፣ ከኪሴ ውስጥ፣ ጭኔ ላይ፣
ሰማንያ ሚሊዮን ዓመት ተርቦ።
አለቃው «ምን ሆንክ?» አለኝ፣
ግንባሩን ሰብስቦ።