አራተኛው ክፍል

ከሐዳር ደረጃ በላይ፣ ወደቡን ከሚያይ ቤት፣
በአራተኛው ክፍል አለች አንዲት ልዕልት።
እኔ በፕላስቲክ ወንበር፣ እሷ በከፈይ ዙፋን፣
እንደ ተኳረፈ ጎረቤት
ዘጠኝ ዓመት ተፋጠጥን።
ዐይኑን የሚሰብረው ዘበኛው ነው፣ ሁልጊዜም ቀድሞ፤
እሷን ምን ይደክማታል? የእኔ ወገብ ነው የሚያድረው ታምሞ።

ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከጡቷ ሥር የታሰረ፤
ቀይ ሻል ከትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ላይ የቀረ።
ከኋላዋ የእብነ በረድ ዓምድ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው፤
አንገቷ ላይ ዕንቁ፣ ሲቆጠር ሠላሳ ሁለት ነው።
(ቆጥሬዋለሁ። ዝናብ ነበር፤ ጎብኚ አልመጣም።)
ፊቷ የረጋ ወተት፤ አይስቅም፣ አይቆጣም።
ከሥሯ የተለጠፈው፣ በዕብራይስጥም በዐረብኛም፣
«ስሟ ያልታወቀ ልዕልት» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

ዶሪት፣ አስጎብኚያችን፣ ለመጣ ሁሉ ትላለች፦
«የዚያ ዘመን ሠዓሊ፣ እጁን መደበቅ ነው ክብሩ፤
የብሩሽ ዱካ አታገኙም፣ ከጫፍ ጫፍ ብትመረምሩ።»

አንድ ማክሰኞ እናቴ መጣች፣ ከቂርያት ያም በአውቶቡስ፣
የት እንደምውል ልታይ፣ በነጠላ ጫማ፣ ስታነክስ።
እንጉዳይ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ነበረች በአገሯ፤
ዛሬ ጭቃ አትነካም፣ አስፋልት ነው በሯ።
ልዕልቲቱን አየቻት። ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ዋሉ?» አለቻት።
መልስ ጠበቀች።
ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ፦ «ማን ሞተባት?»

መነጽሯን አወጣች፣ በክር የጠገነችውን፤
ተይ ሳልላት ተሻገረች፣ «አትለፉ» የሚለውን።
እንስራ እንደምትገዛ ሴት ስንጥቅ ፈለገችበት፤
አፍንጫዋ ሸራውን ሊነካ፣ ስንዝር ቀረበት።
ደወሉ ጮኸ።
«ና እይ!» አለች፣ በጩኸቱ መሐል፣ ሳትደነግጥ።
ከክርኗ ሥር፣ ቀዩ ሻል ጨለማ ሲውጥ፣
አንድ አውራ ጣት።
መስመሩ ሁሉ ሳይጠፋ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ያረፈ።
ዘጠኝ ዓመት በፊቴ፣ ከዐይኔ የተረፈ።

«እንዲህ ነው፤ እኔም እተው ነበር፣ ከጆሮው ሥር።
ገዢ አያየውም። የምትቀዳዋ ግን
ጣቷ እዚያው ነው የሚያርፍ፣ ወንዝ ዳር።»

ዝም አለች። የራሷን አውራ ጣት አየች፣ ገልብጣ።
በመጣን ሰሞን፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሰማያዊ ቀለም አስነክተው፣
«ይፋት» በሚል አዲስ ስም ላይ፣ በዚያው ጣት አስፈርመው
ነበር የሸኟት። ይህን እሷ አላነሣችም።
እኔ ነኝ።

ዶሪት እየሮጠች ደረሰች፤ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ደወሉ ጠፋ።
እናቴን እስከ ፌርማታው ሸኘኋት፣ ደረጃውን ይዣት፣ ቀስ በቀስ።
ስለ ሥዕሉ የምትረሳው መስሎኝ ነበር፣ አውቶቡሱ እስኪደርስ።
«የሠዓሊውስ ስም?»
«አይታወቅም።»
«እሷም አትታወቅ፣ እሱም አይታወቅ፤
ታዲያ ያን ጣት ማን ጠበቀው፣ ይህን ሁሉ ዘመን?»
«እኔ።»
«ሳታየው?»
«ሳላየው፣ እማዬ።»