የወደቡ ማሽን

ሰኞ በማለዳ ይታይሽ መጣች፣
የወደቡን ኮምፒውተር በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ልጅ አቅፋ ያዘች።
«ያሻሻሉት ዕለት» አለች፣ «ቀልቡ ተገፈፈ፤
ስንት ጊዜ ልቅበረው፣ በቀን ሰባቴ እያረፈ?
‹ዘጌ› ልጽፍ ስል ‹ዘ› ላይ ይሞታል፤
ተሳፋሪ ይሰለፋል፣ ጀልባው ይጮኻል።»

ሱቄ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ናት፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አንገተ ረጅም መብራት፣
ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የሙት ማሽኖች አንጀት።
ከፈትሁት። ተነሣ። አማረበት፣
አዲሱ ስርዓት ኩል ኩሎት፣ ንቅሳት ነቅሶት።
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን
ሰማያዊ ሆነ ሁለመናው፣ እንደ ጣና በቀትር፤
መሐሉ ላይ ከንፈሯን የጣለች ፊት፣ ከሥሯ ክታብ መሳይ ቁጥር።

ማክሰኞ፦ ሙቀት ነው አልሁ፤ ሆዱን ከፈትሁት፣
ማራገቢያው ላይ የሐይቅ ትንኝ ተነጥፎ አገኘሁት።
ጠረግሁ፣ ቅባት ለወጥሁ፤ ትንፋሹ ቀዘቀዘ፤
ቀዝቅዞ፣ ቀዝቅዞ፣ እዚያው ፈዘዘ።
ረቡዕ፦ ድራይቨሩ ነው፤ የማተሚያውን ነቀልሁ፣
የስክሪኑን ሳወርድ መብራት ሄደ፣ እስኪመጣ እኩለ ሌሊት ጠበቅሁ።
ሐሙስ፦ ሁሉን አጥፍቼ ከሥሩ ጫንሁት፣
ክርስትና እንደ ተነሣ ሕፃን ንጹሕ አደረግሁት፤
ሌሊቱን በሰላም አደረ፣
ጠዋት ይታይሽ ልትወስደው ብቅ ስትል፣ ፊቷ ላይ ተዘረረ።

ጎማ ጠጋኙ ሙጨ በበሩ አሾልኮ አየና፣
«የለመደውን መልሺለት» አለኝ፣ «አሮጌው ምን አነሰና?»
መለስሁለት። ዓርብ ቆመ። ቅዳሜም ቆመ።
ይታይሽ መረቀችኝ፤ የእኔ ልብ ግን ታመመ።
የዳነው ለምን እንደ ዳነ ካላወቅሁ፣
እኔ መቼ ጠገንሁ? አባበልሁ እንጂ፣ አስተኛሁ።

እሁድ ከሰዓት ወደቡ ወረድሁ፤
አለኸኝ አዲሱን ጀልባ በጎኑ አስተኝቶ ሲጠግን አየሁ፣
ሆዱ ላይ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ።
«ምን አገኘው?»
«ድንጋይ፣ ከክብራን ብዙም ሳንርቅ።»
«መቼ መጣ ድንጋዩ?»
ሳቀ፣ ሙጫውን እየቀባ።
«ድንጋይ ይመጣል እንዴ? አያቴም ቀዝፎበታል፣
ታንኳ ደንገል ነው እኮ፣ ውኃ ይልሳል፣ ያልፋል።
ይህኛው ከባድ ነው፣ እግሩ ጠልቆ ይገባል፤
የኖረውን ነካው፤ ሰው ግን ጀልባውን ያማል።»

ሙጫው ሳይደርቅ ሮጥሁ፣ ሱቄን ከፈትሁ፣
ሁለቱን ራም ለያይቼ፣ አንድ በአንድ አስፈተንሁ።
ፊተኛው ንጹሕ። ኋለኛው ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ቀላ፤
ከስንት ሚሊዮን አንዲት ጎጆ፣ አደራ የምትበላ፣
አንድ ሲሰጧት ዜሮ የምትመልስ፣
ቀን የማለችውን ማታ የምታፈርስ።
አሮጌው ስርዓት እንደ ደንገል ነበር፣ ጥቂት ቦታ የሚበቃው፣
እሷ ዘንድ ወርዶ አያውቅም፤ ከባዱ ነው ጉዷን ያወጣው።
እኔ ሳምንት ሙሉ የገለጠውን ነው የረገምሁት፣
የሸፈነውን ደግሞ፣ ዳነልኝ ብዬ ቅዳሜ ማታ ያመሰገንሁት።

ማክሰኞ ‹ዘ› ተጻፈ፣ ‹ዘጌ› ሆነ፣ ቲኬቱ ወጣ፤
ይታይሽ ደረሰኝ ያዘች፣ አለቃዋ ሳይቆጣ።
«የብልሽቱ ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለበት።
«‹ማሻሻያው› በይ» አለችኝ፣ «አለዚያ ፋይናንስ አይፈርምበት፤
ድሮ ለነበረ በሽታ በጀት የለንም» አለች፣ ፈገግ ብላ።
‹ድንጋይ› ልጽፍ ዳዳኝ፤ ብዕሩ ግን ሄደ ወደ ሌላ፦
‹ራም፣ አንድ። ያገለገለ። ሰባት መቶ ብር።›
ምክንያቱን ባዶ ተውሁት፤
ፋይናንስ ከሐይቁ ጋር ይማከር።