የግማሽ ገጽ ደብዳቤ

በየአሥራ አምስት ቀን፣ ዓርብ ደወል ሳይመታ፣
ሰሌዳውን አጽድቼ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በዝግታ፣
ለስልሳ ሁለት ቤት እጽፋለሁ ዜና፤
የማባዣው ማሽን ከተበላሸ ቆየና።
ልጆቹ ይገለብጣሉ ግማሽ ገጽ ቀድደው፣
እርሳስ ያጠራቸው የአንዱን ለሁለት ሰብረው።
የሚመጡት ከእነዋሪ ዙሪያ ነው፣ ከጥቁር አፈር አገር፣
ክረምት ጫማ ከሚያስቀር፣ በጋ እንደ ሸክላ ከሚሰበር።

«ውድ ወላጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?
እኛ ደህና ነን፤ ደህና ናቸው ልጆቻችሁ።
መደመርን ጨርሰን መቀነስ ገብተናል፤
ጣራው በበረዶ ተበስቶ ሦስት ዴስክ አዙረናል።
የብርቄ ጥርስ ወለቀ፤ በመሀረብ ቋጥራ ይዛለች፣
ማታ ጣራ ላይ እስክትወረውረው አልለቅም ብላለች።
የሁለት በሬ እግር ስንት ነው ብለን ስንደምር፣
ስንቅነሽ ቀንዱንም ቆጠረች፤ ሰኞ ይቀጥላል ክርክር።
ለምስር አጨዳ ብላችሁ ልጅ አታስቀሩ፤
ከቀረም ላኩብን፣ የት እንዳለ ንገሩ።»

ከሥሩ በቀይ ቀለም፣ አንዳንድ መስመር ለየቤቱ፦
የአንዱ ሳል በርትቷል፣ የአንዷ ተሻሽሏል ስሌቱ።
ለማስረሻ አባት ግን፣ ከመስከረም እስከ ጥር፣
ደጋግሜ የጻፍኩት ያው አንድ መስመር፦
«ልጅዎ ፊደል አልለየም፤ እባክዎ ይምጡና እንነጋገር።»

አልመጡም።

ማስረሻ ፊደሉን እንደ ሐረግ ይስላል በዚያች በነከሳት መጻፊያ፣
የጫነውን ሳያውቅ እንደሚሄድ የገበያ አህያ።
ስለ ራሱ የተጻፈውን አጥፎ ይከታል ከኪሱ፣
ጎንበስ ብሎ ይሰናበተኛል፤ ጨዋ ልጅ ነው እሱ።

የካቲት ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ በሩ ተንኳኳ በዱላ፤
አቶ ዘውገ ናቸው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ።
ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አወጡ፤ ፌስታሉ ውስጥ በክር ታስሮ፣
አሥሩም ደብዳቤ በየተራው፣ አንድም ሳይጎድል ተደርድሮ።

«ይቅርታ መምህርት፣ ሥራ እንዳላስፈታ ልሁን፤
ጠመኔ ሣጥን ውስጥ የወለደችው ድመት፣ ልጆቿ እንዴት ሆኑልን?»
«ድመት?»
«አዎ፣ ሦስቱ፤ ያ አንደኛው፣ ዓይኑን አልገልጥ ያለው።
ዓርብ ዓርብ ማስረሻ ያነብልናል፤ ቤቱ ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቀው።
ብርዱ ሲጠና ርእሰ መምህሩ ኮታቸውን አለበሷቸው ይላል፤
ይህን ሲያነብ ቤታችን፣ ከብቱም ሳይቀር፣ ጸጥ ይላል።
እናቱ ስቃ ስቃ ታለቅሳለች፤ ‹ድገመው› ትለዋለች፣
ጎረቤታችን ዓለሚቱም ራቷን ትታ ትመጣለች።»

አፌን ያዝኩ። ድመት የለንም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ጠመኔ ብቻ ነው፣
እሱም ስብርባሪ። ልጁ የኔን ቀይ መስመር እየዘለለ
ግልገል ድመት ሲያሳድግ ነው የከረመው።

«የመጣሁትስ...» አሉና ዓይናቸው ወደ መሬት ወረደ፣
«ልጁን ምን ነካብኝ? ያ ምላሱ ወዴት ሄደ?
እንደ ጅረት ሲፈስ የነበረው፣ ያለፈው ዓርብ ማታ፣
በጣቱ እየዳበሰ፣ ላብ እያላበው፣ በየቃሉ ሲገታ፣
‹ው... ውድ... ወ... ወላ...› ሲል፣ ሶላሩ እስኪደክም ድረስ፣
ግማሽ ገጽ አንድ ምሽት ፈጀበት ከቀዩዋ መስመር እስኪደርስ።
ስለ ድመቶቹ ምንም የለም። ቀዩዋ ላይ ሲደርስ ቆሞ፣
‹ልጅዎ... ፊ...ደል... አል...ለየም› አለና አለቀሰ፣
ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ተጋድሞ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ቀዩን መስመሬን አየሁት፤
እሱ ባነበበው ቅጽበት ውሸት የሆነውን፣ እኔ ጽፌ ያመንኩት።

«አቶ ዘውገ፣ ልጁ አልታመመም።
ያን ጊዜ፣ ሲፈስለት፣ አላነበበም።
ያነበበው አሁን ነው፤ ሲደነቃቀፍ፣ ላብ ሲያጠምቀው።»
ዝም አሉ። ጋቢያቸው ነው ዓይናቸውን የጠረገው።

ሊወጡ ሲሉ፣ በሩን ይዘው፣ አንገታቸውን መለሱና
«ድመቶቹስ?» አሉኝ፤ ሚስታቸው ትጠይቃለችና።
ከኋላ ዴስክ ማስረሻ ፊቱን ደብተሩ ውስጥ ቀብሯል፣ ጆሮው ብቻ ቆሟል።
«ደህና ናቸው» አልኩ። «ያ የቀረው፣ እሱም ዓይኑን ገልጧል።»