ጠራጊና ጠርጣሪ

ከሙስካት ተነሣን፣ በኻልፋን ጀልባ፣
ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሙቀት አጥንት ሳይገባ።
ሽማግሌው ከፊት፣ ኮፍያው ባገጩ ሥር ታስሮ፣
እኔ ከኋላ ነኝ፣ ባልዲዬ በጉልበቴ ታጥሮ።

ገደል ያጠረው ነው፣ በመኪና የማይገኝ፣
በሩ ባሕር የሆነ መቃብር አለ አሉኝ።
«እዚያ ነው የተኛው» አለ ሚስተር ፔልሃም፣
«አሥራ አንድ ዓመት ፈለግሁት፣ ዛሬ አያመልጠኝም።»

ዶክተር ኦርላንድ ክሬይ፣ የመርከብ ሐኪም ነበር አሉ፤
በቪክቶሪያ ዘመን፣ ጭጋግና ጥቀርሻ ለንደንን ሲሞሉ፣
ሦስት ልብስ አጣቢዎች ታረዱ፣ አንድ ክረምት ሳያልቅ፤
እሱ ተጠረጠረ፤ በሌሊት መርከብ ጠፋ፣ ሳይያዝ፣ ሳይጠየቅ።

ሽማግሌው ከደብተሩ ያነባል፦ የጫማውን ቁጥር፣
የፒፓውን ትምባሆ፣ የጥርሱን ድርድር፣
በየትኛው ወደብ በወባ እንደታመመ፣
ለየትኛው ካፒቴን ኮፍያ አንሥቶ እንደተሳለመ።

እኔ ምን ቸገረኝ። ሥራዬ መጥረግ ነው፤
ሁለት ዓመት ቤቱን፣ ዛሬ ደግሞ የሞተ ሰው።
እሱ ይጠረጥራል፣ እኔ እጠርጋለሁ፣
እነዚህን ሁለት ቃላት ቋንቋዬ ለምን ጎረቤት እንዳደረጋቸው
ገና አስባለሁ።

ድንጋዩ ብዙ ነው፤ መርከበኛ፣ ቄስ፣ ሕፃን፣ የቴሌግራፍ ሰው፣
ገሚሱን ጨው በልቶት፣ ገሚሱን ፍየል ታክኮ ያለሰለሰው።
ፊደላቸውን እኔ ከሳሙና ካርቶን ለቅሜ፣
ከሽማግሌው ክኒን ብልቃጥ ላይ ደግሜ
ነው ያወቅሁት። ይበቃል። በሆምጣጤ አጠብሁ፣ በብሩሽ ፈተግሁ፣
እረፋዱ ላይ በደረቱ የተደፋ አንድ ድንጋይ አገኘሁ።

ከኻልፋን ጋር ገለበጥነው። ሸርጣን ሮጠ ከሥሩ።
«አንብቢ!» ይላል ሽማግሌው፣ ተቀያይሮ ነጩ ጥቁሩ።
ሲ። አር። ከዚያ ስንጥቅ፣ ጣቴ የሚገባበት።
ከዚያ ዋይ።
ክሬይ ይሁን፣ ክሮስቢ ይሁን፣ ማን ያውቃል ድንጋይ ላይ?

እሱ ግን ተንበረከከ፤ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አስነካ፣
እንደ ጠፋ ወንድም። እኔም ዞር አልሁ፣ አፈርሁ ለካ።

«ሴቶቹስ?» አልሁት፣ ጥቂት ቆይቼ።
«የቶቹ?»
«የታረዱት። አጣቢዎቹ።»
ደብተሩን ገለጠ። ገለጠ። ነፋሱም አብሮ ገለጠለት።
«አንዷ ኤለን መሰለችኝ» አለ።
የቀሩትን ገጽ አጣላቸው።

ሶዳ የበላው ጣት፣ ጥፍር ሥር የገባ ቁስል፣
እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፤ መዳፌን ሳየው የሳቸውን ይመስል።

ትብለጥንም አውቃታለሁ።
ባለፈው ነሐሴ፣ ሩዊ ላይ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣
መስኮት ስታጸዳ ወደቀች ተባለ። ወረቀቱ አጭር፣ ማኅተሙ ደማቅ።
እኔ ደርሼ ነበር። አንድ ሰው በላስቲክ ቱቦ
አስፋልቱን ያጥባል፣ ዝም ብሎ፣ አቀርቅሮ።
ጠራጊ መጣላት።
ጠርጣሪ አልመጣም።
እናቷ እስከ ዛሬ በስልክ ትለኛለች፦
«የት ጋ ነው ያስተኟት? ከግንቡ በየት በኩል?»
እኔም እላለሁ፦ «ደህና ቦታ ነው፣ እማማ፣ ዛፍ አለው»፤
ዛፍ ይኑረው አይኑረው፣ አንድም ቀን አላየሁት።

ፀሐይ አናት ስትመጣ ሽማግሌው ተነሣ፣
ፎቶ አንሥቶ ጨርሶ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ውሃ አነሣ።
ስለ አዲስ እብነ በረድ ዋጋ ያወራል ከኻልፋን ጋር፣
የክሬይ ስም በወርቅ ቀለም፣ ዓመተ ምሕረቱም ጭምር።

ባልዲዬ ውስጥ ትንሽ ውሃ ቀርታ ነበር።
ከጥጉ ወዳለው፣ ፊደል ወደሌለው ድንጋይ ሄድሁ፣
አፈሰስሁበት፣ ፈተግሁት፣ ግራጫው እስኪነጣ።
ኻልፋን ሞተሩን አስነሥቶ ጮኸ፦ «ማነው እሱ?»
«አላውቅም» አልሁት፣
«ግን ቆሽሿል።»