ያዝ ለቀቅ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ የማታ ትምህርት ቤት፣
መብራቱ ያዝ ለቀቅ፣ ዝናብ ሲወርድበት፣
«ጌት» የምትል ቃል ጻፍኩ በነጭ ጠመኔ፤
«በር ናት?» አለኝ አንዱ። «አይደለችም» አልኩ እኔ።

አገኘ ናት፣ ሆነ ናት፣ ደረሰ፣ አመጣ፤
ገባኝም እሷው ናት፤ ወረደም ናት፣ ወጣ፣
ጭራዋ ላይ በሚንጠለጠል በቁራጭ ቃል ጣጣ።
መዝገበ ቃላቱ ሦስት ገጽ ሰጥቷታል፤
ሦስት ፊደል ለሆነች፣ ለዚች! ማን ይችላል?

ሎተሪ አዟሪዋ ጥሩዓለም እስክሪብቶዋን ነከሰች፤
የባጃጁ ሹፌር ሰዓቱን አየ፤
እኔም ደሞዜን አሰብኩ።

አላምረው ተነሣ፣ ዓሣ አጥማጁ አላምረው፣
መረብ የተለተለው ጣቱን እየቆጠረው፦

«መምህር፣ አይክፋሽ፤ ‹ያዘ› አለን የኛ ቃል፤
ሰው ዓሣ ይይዛል፣ ወባ ሰው ይይዛል፤
የተከዘ ጉንጩን፣ ምሥጢረኛ አፉን፣
የቸኮለ መንገድ፣ የተበደለ ቂሙን፣
የዘጌ ሎሚ ዛፍ ጊዜው ሲደርስ ፍሬውን።
‹ያዝ!› ብትዪው ውሻ ሰው ይነክስልሻል፤
‹ያዝ!› ብትዪኝ እኔ፣ እጄ ይዘረጋል።
‹በስሜ ያዝልኝ› ብትዪው ባለሱቅ ይጽፋል፤
ፍሬን ግን ካልያዘ…»
          «እሱስ ይገድላል!»
አለ ባለባጃጁ፤ ክፍሉ ሣቅ በሣቅ ሆነ፤
እኔም ሣቅሁ፣ ጠመኔው እጄ ላይ በነነ።

አውራ ጣቱ ቀረች። ሳይቆጥራት አያት።
«አሁን ሐይቁን እንቦጭ ያዘው» አለ ቀስ ብሎ።
«ማዶ ነው ሲባል ሰማን፤ ሳንውል ሳናድር ደጃችን አበበ።
አበባው ሐምራዊ ነው፤ እንዳትረግሚው ያምራል።
መረቤን ስስበው ከብዶኝ ደስ ይለኛል፤
ሥር ነው። ቀረሶ የለም፤ ሥር ብቻ ይወጣል።
ታንኳዬን ባንክ አላስይዛት፣ ደንገል ማን ይይዛል?
እዚህ ወንበር ላይ የያዘኝ ይኸው ነው፤
ቋንቋው ከያዘልኝ ፈረንጅ ላሻግር…»

የቀረውን አልሰማነውም። መብራቱ ጠፋ፤
ሁሉም ደብተሩን በዳበሳ ሰበሰበ።

እቤት ስገባ ወገቤን ያዘኝ፤
«ይሄስ በየትኛው ጣት ነው?» ብዬ ብቻዬን ሣቅሁ።
ሰው ይዤም ነበር አንድ ሰሞን፣
ፓፒረስ ሆቴል አካባቢ የሚሠራ፣ ጫማው የሚያበራ፤
ስለ እሱ ጣት አልቆጥርም።

ከዚያ ወዲያ አላምረው እንደ መብራቱ ሆነ፤
ማክሰኞ ይመጣል፣ ሐሙስ የለም።
ፈተናው ሲደርስ ደወልኩ።
«የደወሉላቸው ደንበኛ ሌላ መስመር ይዘዋል»
አለች የስልኳ ሴትዮ፣ ለማንም የማታዝነው።
ይህችን እሱም አልቆጠራት፤
በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኳት፣ ከስሙ ጎን፣
ማርክ በሚሞላበት ባዶ ቦታ።

ቅዳሜ ማለዳ ዓሣ ልገዛ ወረድኩ።
ጭጋግ ሐይቁን ይዞታል፤ ደሴት የለም፣ ማዶ የለም፣
የፔሊካኖቹ ሳል ብቻ።
ከነጩ ውስጥ አንድ ድምፅ፦ «መምህር! ያዥ!»
ገመድ ነው። አየሩን ቀዶ መጣ።
እርጥብ ነው፣ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ መዳፌን ፈገፈገው፤
ታንኳ ታስሮ እንጂ ሲታሰር አይቼ የማላውቀው ሴትዮ
በሁለት እጄ ያዝኩት፤
ያ ሁሉ ደንገል፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ሁለት ቀረሶ በሣር ሰክቶ አቀበለኝ፣
ገና የሚፈራገጡ፦
«ይሄንንም ያዥ፤ ለወሩ ክፍያ ነው።»
«በስምህ ልያዘው?» አልኩት።
ሣቀ።

ገመዱን ግን ገና አልለቀቅሁም፤
እሱም ልቀቂ አላለኝም።