ስድስት ላባ

ንጉሣችንን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣
ከማኅተሙ በቀር፣ ከአረንጓዴው ሰም፤
እዚያ ላይ ተቀምጧል አውራ ጣት አክሎ፣
አፍንጫው ተድጦ፣ ከነዙፋኑ ዘንበል ብሎ።

እኔ ሃሞን ነኝ፣ የኖርፎክ ሰው፣ ቆጣሪ፤
ቁጥር ነው እርሻዬ፣ ቁጥር ነው ሞፈሬ።
አንድ ማለዳ ከአውራጃው ሹም ዘንድ
ደብዳቤ ደረሰኝ በውርጭ፣ በብርድ፦
«ስድስት ላባ ይምጣ ከእያንዳንዷ ዝይ፣
ፍላጻዬ ይብረር በፈረንሳይ ሰማይ።»

ከበር በር ዞርኩ፣ ከረጢቴን ይዤ፣
በረግረጉ መሃል በውርጭ ደንዝዤ።
ከዊማርካ ደጃፍ ስደርስ በማለዳ
አሥራ አንድ ዝይዎቿ ጮኹ እንደ መጣ ዕዳ።
አንዷ አንካሳ ነበረች፣ ግራጫ፣ ክንፏ ላይ
ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣
ጸሐፊ ቀለም የረጨባት መሳይ።
«ይቺን ተዋት» አለች፣ «እግሯም አያደርሳት።»
«ዝይ ይላል ትእዛዙ» አልኳት፣ «አንካሳ አላላት።»
ነቀልኩ። ከላባው ሥር የወጣውን ደም
ጠረግሁት በሱሪዬ፤
ስልሳ ስድስት ሞላ፤ ጻፍኩ በብራናዬ።

በዚያው ዓመት ንጉሥ ባሕሩን ተሻግሮ
አንድ ትልቅ ከተማ በረኃብ አጥሮ
(ስሙን ስንጠራው ካህናችን ይስቃል፣
ምላሳችን ፈረንሳይ ሲደርስ ይወድቃል)
የበሩን ቁልፍ ከሽማግሌዎች እጅ ተቀበለ አሉ፤
ውሾቻቸውን በልተው ጨርሰው ነበር አሉ።
እኛም ደወል ደወልን፣ የገብስ ጠላ ጠጣን፣
እንደ ድል አድራጊ እየተንገዳገድን ወጣን።
ሳምንት ሳይሞላ የሱፍ ቀረጥ ጭማሪ፤
ወርቁ ባሕር ማዶ፣ ሰሙ እኛ ዘንድ ቀሪ።
ድልድያችን ፈርሶ ሦስት ዓመት ከረመ፤
አናጢው ዘመቻ ሄዶ ቀስት ተሸከመ።

የዊማርካ ልጅ ቱርስታንም ሄደ፣
በቀን ስድስት ፔኒ ተዋውሎ ነጎደ።
ስድስት፤ እኔ ነኝ ስሙን የመዘገብኩት፣
ከላባው ዝርዝር ሥር ቦታ ስለነበረኝ እዚያው የጻፍኩት።

በሦስተኛው መከር፣ ለበግ ቆጠራ
እቤቷ ሳለሁ፣ ውሻዋ አጓራ፤
ኦዝበርን የሚባል፣ አንድ ጆሮ የሌለው፣
ከደጅ ቆሞ ነበር፣ ግባ ብትለው
አልገባም አለ። የልጇን ቆብ ሰጣት።
ቀጥሎም ከጨርቅ ውስጥ ስብራት ፍላጻ አወጣላት።
«ፍላጻ ሲያልቅባቸው» አለ መሬት መሬት አይቶ፣
«የእኛኑ ለቅመው ነው የመለሱት፤
ከእሱ ላይ ነው ይሄ የወጣው፣
አልጣልኩትም፣ ምን እንደማደርገው ግን አላወቅሁት።»

ዊማርካ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።
ግራጫ ላባ። ጥቁር ነጠብጣብ።
እኔ ወደ በጎቹ ዞርኩ፤ ሃያ ሦስት ነበሩ፤
እንደገና ጀመርኩ፤ ሃያ አራት ነበሩ።
አላለቀሰችም፤ ቆቡን አጣጥፋ
እሳቱን ቆሰቆሰች፣ አመዱን ገፋ ገፋ፣
ከብዙ ቆይታ በኋላ፣
ለእኛም አይደል፣ ለራሷም አይደል፣
«የአንካሳዋ ናት» አለች።
«ደረሰች ለካ።»

ንጉሡም ሞተ አሉ፣ እዚያው ባሕር ማዶ፤
ጎራዴ አይደለም የጣለው፣ ሆዱ ነው፣
እንደ ማንም ገበሬ አልጋ ላይ ተዋርዶ።
ልጁ ነገሠ፣ ገና ጥርስ ያላወጣ፤
በሕፃኑም ስም ደብዳቤ መጣ።
ገልጬ አየሁት፦ ሰሙ ያው አረንጓዴ፣
ፊቱ ያው የአባቱ፣ አፍንጫው ያው ድጥ፤
እንግዲህ ሙት ይሁን ሕፃን የሚያዝዘን
ሰም አይለይ፣ እኔም አልለይ፣ ዝይም አትመርጥ።

ጭቃው ያው ነበር። ከረጢቴም ያው።
ዊማርካ ዘንድ አራት ዝይ ቀርቷል፤
አንካሳዋ አርጅታ ከምድጃው አጠገብ ትውላለች።
ራሷ ነቀለች፣ አላስነካችኝም፤
በመዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።
አንዷን ግን በጣቶቿ መሃል ይዛ
ትክ ብላ አየችኝ።

ሃያ ዓመት ቆጥሬ ስቼ የማላውቅ ነኝ።
ከደጃፏ ቆሜ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ።
አምስት ነበር።
ስድስት ብዬ ጻፍኩ።